ሰርቨራችንን ወደ ቅዳሜ ለመለሰልን ልጅ፣ ከልብ አመሰግናለሁ

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሒሳብ የሚዘጋ ሰው ጭንቀቴን ያውቀዋል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ የሕንፃ መሣሪያ ጅምላ መደብር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ ያለው ሰርቨሩ (የመደብሩ ዋና ኮምፒውተር) ላይ በተጫነ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር በሉት። የዓመቱ ደረሰኝ፣ የደንበኛ ዱቤ፣ የቫት ሒሳብ፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሮቻችንን የሚያይልን ልጅ አፕዴት ሊሠራ መጣ። ሁላችንንም ከፒችትሪ አስወጣንና ማሽኑን በሥርዓት አጠፋው። "ስናፕሾት ሳልይዝ ምንም አልነካም" አለኝ። ምንድን ነው ስለው በኔው ሙያ አስረዳኝ።

"እትዬ፣ እስከ ዛሬ የተጻፈውን መዝገብ አሽገን አዲስ ደብተር እንደመክፈት ነው። ከአሁን በኋላ የሚጻፈው ሁሉ አዲሱ ላይ ይሰፍራል። ነገር ከተበላሸ አዲሱን ጥለን ወደታሸገው እንመለሳለን።"

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ደህና ነበር። 5 ሰዓት ላይ ግን ማሽኑ ለአፕዴቱ ሪስታርት እያደረገ ሳለ መብራት ሄደ። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጊዜው የሚያቆየው የዩፒኤሳችን ባትሪ አርጅቶ ኖሮ ሁለት ደቂቃ እንኳን አልያዘም። መብራት ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሳ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ግን አልነሳም። ጥቁር ስክሪን ብቻ። እጄ ተንቀጠቀጠ።

ደወልኩለት፣ ወዲያው መጣ። እኔ ቶሎ ወደ ቅዳሜ መልሰው እያልኩ ስወተውት እሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠና "እትዬ፣ ከቅዳሜ ወዲህ የገባ ነገር አለ?" አለኝ። አዎ፣ የጠዋቱ 37 ደረሰኝ! ዝም ብሎ ቢመልሰው ኖሮ እነዚያ ሁሉ ከአዲሱ ደብተር ጋር ይጣሉ ነበር። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይህች ጥያቄው ናት።

መጀመሪያ የተበላሸውን ማሽን እንዳለ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጠው። ቅጂውን በሌላ ቨርቹዋል ማሽን ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰክቶ የድርጅታችንን የፒችትሪ ፎልደር አወጣ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ስናፕሾቱ የተመለሰው። መመለሱ ደቂቃም አልፈጀም። ማሽኑ ልክ እንደ ቅዳሜው ተነሳ፤ የሰኞውን ፎልደር በቦታው ተካ፤ 37ቱን ደረሰኝ አንድ በአንድ እያነበብኩለት አመሳከርን። አንድም አልጎደለም።

በሦስተኛው ቀን ስናፕሾቱን ሊያጠፋ መጣ። "ይቆይልን እንጂ!" አልኩት። እየቆየ ሲሄድ አዲሱ ደብተር እያበጠ ዲስኩን ይሞላል፣ ማሽኑንም ያዘገያል አለኝ። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር የሚሠራው ቪኤምዌር ራሱ አንዱን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል። ማጥፋት ሲባልም ሥራችን ይጠፋል ማለት አይደለም፤ አዲሱ ደብተር ዋናው መዝገብ ላይ ይገለበጣል። ስናፕሾት ባክአፕ፣ ማለትም ለብቻው የሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ፣ እንዳልሆነም ደጋግሞ ነገረኝ። ዋናው ዲስክ ከሞተ ስናፕሾቱ ብቻውን አይቆምም። ስለዚህ በየማታው ወደ ውጭ ዲስክ የሚገለብጥ ባክአፕ አዘጋጀልን። ዲስኩንም ከሱቁ ውጭ እንድናሳድር አደረገን። የዩፒኤሱን ባትሪም ያስቀየረን እሱ ነው።

ለሰኞው ድካሙ የጠየቀን ቀድሞ የተስማማንበትን ዋጋ ብቻ ነው። ጨምረን ብንሰጠው አልቀበልም አለ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅህ ይባረክ። ሒሳቡ በጊዜው ተዘግቷል።

ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ትንሽ ቢሮ ኖሯችሁ ሰርቨራችሁን አምናችሁ የምትሰጡት ሰው የምትፈልጉ፣ ሳላመነታ እሱን እጠቁማለሁ። ስልኩን እዚህ መለጠፍ አልፈለግሁም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።