ወፍራም ላሜራ ልገዛ ሄጄ በቀጭኑ ለመለሱኝ ባለሙያ

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን መቆየቴ ከብዶኛል። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

ትንሽ ቁርስ ቤት አለችኝ። ሊጥ የምናሽበትና ፍራፍሬ የምንቆርጥበት ጠረጴዛ እስቴንለስ ነው። የመጀመሪያውን ያሠራሁት ሌላ ቦታ ነበር። ዓመት ሳይሞላው መሃሉ ረገበ። ውሃ ያቁራል። ቂጣ ስንዳምጥ ድም ድም ይላል። የሠራው ሰው "2 ሚሊ መግዛት ነበረብሽ" አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ።

ከዚያ ጎረቤቴ አንድ ጠና ያሉ ባለሙያ ጋ ወሰደችኝ። ገና ስገባ "2 ሚሊ ላሜራ ነው የምፈልገው" አልኳቸው። ዋጋ ከመናገር ይልቅ "ልጄ፣ ምን ትሠሪበታለሽ? ሎሚ ይነካዋል?" ብለው ጠየቁኝ። ከደብተራቸው አንድ ወረቀት ቀደዱ። በአንድ ጫፍ ይዘው ሲያነሱት ወደ ታች ተዘረረ። ሁለቱን ጠርዞች አጥፈው እንደገና አነሱት። ቀጥ አለ። "ላሜራም ይኸው ነው" አሉኝ።

ውፍረት ዋጋ የለውም አላሉኝም። ከ0.8 ወደ 1.2 ሚሊ ሲኬድ አለመጉበጡ ከ3 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ክብደቱ ግን በግማሽ ይጨምራል፤ ብረት ደግሞ የሚከፈለው በክብደቱ ነው። ጠርዙን ወደ ታች አጥፎ ከሥር ሁለት የታጠፉ ማጠናከሪያዎች ማስገባት በጥቂት ብረት ከዚያ የበለጠ ይሠራል። ለእኔ 1 ሚሊ ይበቃል ብለው ወሰኑ። ወፍራሙን ቢሸጡልኝ የበለጠ ያገኙ ነበር እኮ!

"እሺ፣ ጠንካራውን ዓይነት ስጡኝ" አልኩ። እሱንም አረሙኝ። 304፣ 201 እና 430 የእስቴንለስ ዓይነቶች መለያ ቁጥሮች ናቸው። 304 ሆነ 201 ሆነ 430፣ ውፍረቱ እኩል ከሆነ ሲጫኑት የሚረግበው እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚለዩት በዋናነት ዝገትን በመቋቋም ነው። ጠንከር ተደርጎ የተዳመጠ ላሜራ ቶሎ አይሰረጎድም፤ መርገቡን ግን አያስቀረውም፣ ሲታጠፍም ያስቸግራል። ሎሚና ጨው ስላለብኝ 304 መረጡልኝ። በማግኔት ብቻ እንዳልተማመንም ነገሩኝ። ማግኔት 430ን ይይዛል፣ 201ን ከ304 ግን አይለይም።

ላሜራውን ስንገዛ አብረውኝ ሄዱ። የጠርዙን ውፍረት በካሊፐር፣ ማለትም በውፍረት መለኪያ መሣሪያ ለኩ፣ ሚዛን ላይም አወጡት። 1 በ2 ሜትር የሆነ ባለ 1 ሚሊ ላሜራ 16 ኪሎ ገደማ መምጣት አለበት። ብዙ ከቀለለ ሳስቷል ማለት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ሥራቸውን ቆሜ አይቻለሁ። በአርጎን ጋዝ ብየዳ ነጥብ ነጥብ እያደረጉ ነው የበየዱት፤ በየመሃሉ እስኪበርድ ይጠብቃሉ። እስቴንለስ ሙቀቱን ቶሎ አያስተላልፍም፣ ሲሞቅም ብዙ ይለጠጣል። ከተቻኮሉበት ይጣመማል። ረዳታቸው "ጋሼ፣ እንጨርሰው" ሲላቸው "ይብረድ" አሉት፣ በቃ።

ይኸው 7 ወር ሆነው። 50 ኪሎ የዱቄት ከረጢት መሃሉ ላይ እናሳርፋለን፤ ንቅንቅ አይልም። ውሃ አያቁርም። ልጆቹ ሲዳምጡ ያ ከበሮ የለም።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ ወይም የእቃ ማጠቢያ የምታሠሩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ። የቦታችሁን ልክና የምትጭኑበትን እቃ ክብደት ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።