ጊቢ ለማሳመር ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

የምኖረው ቀበና ነው። ጊቢው የእናቴ ነው፤ 40 ካሬ የማይሞላ ባዶ መሬት፣ አንድ የኮክ ዛፍ፣ አንድ ቧንቧ። ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ አካባቢውን ሲቀያይረው እኔም ቀናሁ። ከበር ውጪ ንጣፍና ሳር፣ ከበር ውስጥ ጭቃ። ደስ አይልም።

ጊቢዬን የሠራውን ልጅ ያገኘሁት ቴሌግራም ላይ ነው። ትሁት ነው። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ የሠራቸውን ጊቢዎች በስልኩ አሳየኝ፣ «እትዬ፣ እኔ እርስዎን እንደ እናቴ ነው የማይዎት» አለኝ። (እንደ እናቴ የሚል ነጋዴ ሲገጥማችሁ ቦርሳችሁን ጠበቅ አድርጉ።) ሙሉ ፓኬጅ ነው አለ። ፊት ለፊት ታይል፣ ዳር ዳሩን ሳር፣ ከጓሮ ደግሞ ለቆርቆሮ እቃ ቤቷ የኮንክሪት ወለል። አሸዋው፣ ሲሚንቶው፣ ገረጋንቲው (ከስር ተጠቅጥቆ መሠረት የሚሆነው ጠጠራማ አፈር)፣ የእጅ ዋጋው ተጠቃሎ በካሬ ይሄን ያህል። ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ነው። «ክረምት ሳይገባ ካልጀመርን እስከ ጥቅምት መጠበቅዎ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ግን ያቻኮለኝም እሱ ነው። 90 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ወረቀት አልጻፍንም።

በስድስት ቀን አለቀ። ቀሪውንም ከፈልኩ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ጎረቤት ቡና ጠጥቶ አድንቆልኝ ሄደ።

ሐምሌ ሲጋመስ መሐሉ ሰመጠ። ከዚያ አንዱ ታይል ስትረግጡት ከስሩ ጭቃ እየተፋ ቁርጭምጭሚት ያለብስ ጀመር። አንድ ለሊት ዶፍ ሲጥል ደግሞ ውሃው ወደ ቱቦው መሄዱን ትቶ ሳሎን ገባ። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። እስከ ዛሬም ለእኔ ቁጥር ዝግ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። ዶማ ይዘው መጡና ሦስት ታይል አነሱ። ከስር አራት ጣት የማይሞላ አሸዋ፣ ከአሸዋው ስር የድሮው ጥቁር አፈር፤ የሣር ሥሩ እንኳ አልተነቀለም። ገረጋንቲ የሚባል ነገር የለም። «ልጄ፣ ታይሉ አልሰመጠም፤ መጀመሪያውኑም የቆመበት ነገር አልነበረም» አሉኝ።

ማታለያው የገባኝ ያኔ ነው። ዋጋው በካሬ ነው። ካሬ ርዝመትና ወርድ ነው፣ ጥልቀት የለውም። የሚሰረቀው ደግሞ ጥልቀቱ ነው። ታይሉ ከተነጠፈ በኋላ ስሩን የሚያይ የለም፤ የሚያየው ክረምቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስለ ጥልቀቱ በሳንቲሜትር ተነጋገሩ። ለሰው መሄጃ ያህል ከሆነ የላይኛው አፈር ተነስቶ ከ20 እስከ 25 ሳንቲም ይቆፈራል። ገረጋንቲ በአንድ ጊዜ ተደፍቶ አይለበጥም። 10 ሳንቲም ገደማ ይደፋል፣ ውሃ ይረጫል፣ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያ ሌላው ይደገማል። ከላዩ ከ3 እስከ 4 ሳንቲም አሸዋ፣ ከዚያ ታይል። መኪና የሚገባበት ከሆነ ታይሉም ስሩም ይወፍራል። ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ደግሞ አፈሩን ለቅማችሁ አውጡ። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ያለውን ሁሉ ይዞት ይወጣል ይወርዳል።

ውሃ ልክ ሳይይዝ ለሚመጣ ሠራተኛ በር አትክፈቱ። ወለሉ ከቤቱ ግድግዳ ወደ ውጪ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ ማለት አለበት። የእኔው ተገልብጦ ወደ ሳሎኑ ነበር የሚያዘቀዝቀው። አንድ ባልዲ ውሃ ደፍቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነጻ ነው። እኔ በሐምሌ ዶፍ ነው ያየሁት።

አሸዋው ሌላ ጉድ ነው። «አንድ ቢያጆ (አንድ ምልልስ) አይሱዙ፣ 5 ሜትር ኩብ» ብሎ ነው ዋጋው ውስጥ ያሰላብኝ። በኋላ የወንድሜ ልጅ ተመሳሳይ መኪና ቆሞ አግኝቶ ሲለካው የጭነቱ ሳጥን ርዝመት 3.6 ሜትር፣ ወርድ 1.9 ሜትር፣ የአሸዋው ከፍታ 50 ሳንቲም። አባዙት፤ 3.42 ሜትር ኩብ ነው። መኪናው ሳይገለብጥ ላዩ ላይ ወጥቶ መለካት ነውር የለውም። ሾፌሩ ይቆጣል። ይቆጣ።

ጥራቱን ደግሞ በሃይላንድ ፈትኑት። ሲሶው ድረስ አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ፣ ቆንጠር ጨው፣ ክዳኑን ገጥሞ በደንብ መነቅነቅ፣ ሳይነኩ ማሳደር። ጠዋት አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላዩ ተለይቶ ይታያል። ጭቃው ከ6 በመቶ ካለፈ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል። ከተረፈው አሸዋ እኔ ስሞክር 10 ሳንቲም አሸዋ ላይ 2 ሳንቲም ጭቃ ተኝቷል። ኮንክሪቴ ለምን በጥፍር እንደሚፋቅ ያኔ ገባኝ።

ወደ ኮንክሪቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚያ ላይ ነው በደንብ የተላጨሁት። የእቃ ቤቷ ወለል 2 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ነው። 10 ሳንቲም ውፍረት ቢኖረው ግማሽ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለዚያ ደህና ኮንክሪት 3 ከረጢት ተኩል ያህል ሲሚንቶ ይበቃል። እሱ 4 ኩንታል ብሎ ነው ዋጋው ውስጥ ያሰላብኝ። 8 ከረጢት ማለት ነው! «ይኸው እትዬ፣ ይቁጠሩት» ብሎ ስምንት ባዶ ከረጢት ግድግዳው ስር ደርድሮ አሳይቶኛል። ባዶዎቹን ከሌላ ሳይት ሰብስቦ ይዞ እንደሚዞር የነገረኝ አብሮት ይሠራ የነበረ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ያውም እየሳቀ። ሲሚንቶው ሳይከፈት ሲገባ ከረጢቱ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ። ምልክት የሌለው ባዶ ከረጢት አይቆጠርም።

ወለሉ ሲሰበር 10 ሳንቲም የተባለው 5 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። ድንጋይ አልተነጠፈበትም፣ ጠጠሩ በዓይን የሚቆጠር ነው። ውሃም አልጠጣም። ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥብ መቆየት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካው ደግሞ በ28 ቀኑ ነው። ልጁ በማግስቱ «ደርቋል» ብሎ ቆርቆሮ ቤቷን ጫነበት። ታይሎቹም እንደዚያው፣ ከማምረቻ ትኩስ ትኩሱን የመጡ ይመስለኛል። ስትገዙ ሁለቱን እርስ በርስ አጋጩ። የበሰለ ታይል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ጥሬው ዱብ ይላል። በሚስማር ጫሩት፤ ዱቄቱ ከረገፈ ተዉት። ውፍረቱንም ለኩ፣ 6 ሳንቲም የተባልኩት 4 ነበር።

ሳሩን በአጭሩ ልለፈው። «የውጭ ዝርያ ነው» ተባልኩ። የበቀለው ሰርዶ ነው፣ መሐል መሐሉ ደግሞ እንግጫ። ሰርዶ መጥፎ ሳር አይደለም፣ ይረገጣል፣ ፀሐይ ይችላል። ግን ቦይ ዳር በነጻ የሚበቅል ነገር ነው። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል ያለችው አህያ እኔ በካሬ መግዛቴን ብትሰማ ምን ትል ነበር? ኪኩዩ የሚሏችሁም ቢሆን የባሕር ማዶ አይደለም፣ የእኛው የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሳር ነው። ሥሩን ገልብጣችሁ እዩ። የደረቀ አፈር ከሆነ ወይም እንግጫው ከወዲሁ ብቅ ካለ አትቀበሉ።

ወረዳ ሄጄ ነበር። ያስተናገደኝ ልጅ ደህና ሰው ነው። «ደረሰኝ?» የለም። «ውል?» የለም። «ንግድ ፈቃዱን አይተዋል?» አላየሁም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ነገር ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል። መብቱ አለኝ። ከማን እንደገዛሁ የማሳይበት ወረቀት ነው የሌለኝ። አንድ ገጽ ይበቃ ነበር፤ ስንት ሳንቲም ቁፋሮ፣ ስንት ገረጋንቲ፣ ታይሉ ስንት ውፍረት፣ ክፍያው በየደረጃው። በተለይ አንዱን መስመር እንዳትረሱት፤ «ገረጋንቲው ተጠቅጥቆ ባለቤቷ ሳታየው ታይል አይነጠፍም»።

ጥቅምት ላይ ከወንድሜ ልጅ ጋር ራሳችን ጀመርነው። ጋሼ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዛሉ፣ እኛ እንቆፍራለን። መጠቅጠቂያ ማሽኑን በቀን ኪራይ አመጣን። ለኮንክሪቱ ብቻ አንድ ግንበኛ በቀን ከፈልን። ከተሰበሩት በስተቀር ታይሎቹን መልሰን ነጠፍናቸው። ቀጭን ናቸው፣ ግን ለሰው እግር ይሆናሉ። አምስት እሑድ ፈጀብን፣ ወገቤም ለሁለት ሳምንት አልተቃናም። ወጪው የቀብዱን ግማሽ አልሞላም።

ቀብዴን የወሰደው ልጅ አሁንም እየሠራ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጓደኛዬ «ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?» ብላ ማስታወቂያውን ላከችልኝ። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አዲስ ታይል፣ በስተግራ የኮክ ዛፍ፣ ዛፉ ስር ክዳኑ የጠፋ ሰማያዊ ጀሪካን አለ። ጀሪካኑ የእኔ ነው። ፎቶው የተነሳው ሰኔ ላይ፣ ሥራው ባለቀ ቀን ነው። ያንን ፎቶ ከላከላችሁ የሐምሌውን እኔ ጋ ታገኙታላችሁ፤ ከዚህ ስር ጻፉልኝና እልክላችኋለሁ።