ለአሮጌ ኮምፒውተር ቦይንክ ወይስ ፎልዲንግ አት ሆም?

ደብረ ማርቆስ ወይ ቡሬ፣ ቤታችሁ ጥግ 2 ጊጋ ራም ያለው ዴስክቶፕ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል እንበል። ሥራ ሲፈታ ጉልበቱን ለሳይንስ ስሌት ማዋስ ይቻላል። ቦይንክ (BOINC) እና ፎልዲንግ አት ሆም (Folding@home) ለዚህ የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የቆጣሪው ካርድ ግን ነፃ አይደለም።

ራም፦ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቦይንክ ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሲሆን፣ ፕሮጀክቱን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። ሮዜታ የተባለው የፕሮቲን ፕሮጀክት ሥራ ራም ይበላል፤ ቀለል ያለ ፈልጉ። ከራሙ ስንት ፐርሰንት እንደሚወስድ መገደብ ይቻላል። ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር ካለው አንዱን ብቻ ስጡት። ሁለት ሥራ ባንዴ ከገባና ራሙ ከሞላ፣ ማሽኑ ሃርድ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምራል። ያኔ ማውሱም አይንቀሳቀስም። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፕሮቲን ላይ የሚሠራው ፎልዲንግ ይህን ያህል ምርጫ የለውም።

ጊዜ፦ ሁለቱም ለሚሰጡት የስሌት ሥራ የማስረከቢያ ቀን አላቸው። ፎልዲንግ ውጤቱን ቶሎ ለመለሰ ጉርሻ ነጥብ ይሰጣል፤ ለአሮጌ ፕሮሰሰር የሚሆን ውድድር አይደለም።

መብራት፦ ሲጠፋ ፎልዲንግ መጨረሻ ካስቀመጠበት ይቀጥላል። ቦይንክ ላይ እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል።

ኢንተርኔት፦ ቦይንክ የሚያወርድበትን ሰዓት መወሰን ይቻላል። የሌሊት ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

ራሙ ትንሽ፣ ኔትወርኩም ቆረጥ ቆረጥ የሚል ከሆነ ቦይንክ። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለውና ቀኑን ሙሉ የሚበራ ማሽን ካላችሁ ፎልዲንግ። ማራገቢያው የሚጮህ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ለሁለቱም አትስጡት።