ሰብሊሜሽን፣ ዲቲኤፍ ወይስ ሲልክ ስክሪን? ህትመት ለመጀመር የትኛው ይሻላል

ቲሸርትና ኩባያ ማተም ልጀምር ነው፣ ምን ማሽን ልግዛ የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር እንዳለው አይደለም። ደንበኛህ ማነው? እላለሁ። ለ200 ተመራቂ ቲሸርት የሚያትምና ለልደት ስጦታ አንድ ኩባያ የሚያትም ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ አያስፈልጋቸውም።

በትንሽ ብር የሚያስጀምረው ሰብሊሜሽን ነው። ቀለሙ ታንክ ውስጥ የሚሞላ ፕሪንተር፣ የሰብሊሜሽን ቀለም፣ ወረቀቱና ሂት ፕሬስ (በጋለ ብረት የሚጫነው ማሽን)፣ በቃ። ምስሉ ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ይታተማል። ከዚያ በ190 እና በ200 ዲግሪ መካከል ለአንድ ደቂቃ ያህል ሲጫን ቀለሙ ወደ ጋዝነት ተቀይሮ ክሩ ውስጥ ይገባል። በእጅ ብትዳስሱት ምንም አይሰማችሁም፣ ሲታጠብም አይላጥም። ችግሩ የሚይዘው ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው፤ ነጭ ቀለም ስለሌለው ደግሞ ጨርቁ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ መሆን አለበት። ጥቁር ቲሸርት ላይ አይሞከርም።

እኔ ይሄን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ለአንድ የሰፈር ማኅበር 40 ነጭ ቲሸርት ታዘዝኩ። ሻጩ ፖሊስተር ነው አለኝ፣ አመንኩት። ከፕሬሱ ሲወጣ ቀለሙ ደብዘዝ ያለ መስሎኝ ነበር፣ ግን አስረከብኩ። በሳምንቱ ሰብሳቢዋ እትዬ አንዱን ቲሸርት በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። አልተቆጡኝም፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አሳዩኝ እንጂ። አንዴ ታጥቦ የማኅበሩ ስም እንኳ አይነበብም። ጥጥ ነበር። 40ውንም ተካሁ።

ከዚያ ወዲህ ቲሸርት በብዛት ከመግዛቴ በፊት ከጫፉ አንድ ክር መዝዤ በላይተር አቃጥላለሁ። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ስትነኩት ብን የሚል አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይሰበሰብና ሲቀዘቅዝ እንደ ጠጠር የጠነከረ ፍሬ ይሆናል። ሻጩ ፊት አድርጉት፣ ምንም ነውር የለውም።

ለኩባያ ግን ሰብሊሜሽንን የሚያክለው የለም። ብቻ ኩባያው ለሰብሊሜሽን ተብሎ የተቀባ መሆን አለበት፤ ቤት ውስጥ ያለው ተራ ኩባያ ቀለሙን አይቀበልም።

ዲቲኤፍ ጨርቅ አይመርጥም። ጥጥም ፖሊስተርም፣ ጥቁርም ነጭም ይሆናል። ምስሉ ፊልም ላይ ይታተማል፣ በላዩ ነጭ ቀለም ይደረብበታል፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበትና በሙቀት ይቀልጣል። ከዚያ ፊልሙን ቲሸርቱ ላይ በ150 ወይም 160 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መጫን ነው። የሰው ፎቶም ሆነ ስንትም ቀለም ያለው ዲዛይን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ነገር ግን ጨርቁ ላይ የተለጠፈ መሆኑ በእጅ ይታወቃል፣ ደረትን የሚሞላ ትልቅ ምስል ከሆነ ደግሞ ያሞቃል።

ዋናው ጣጣ ያለው ነጩ ቀለም ላይ ነው። ነጭ የሚያደርገው ዱቄት ከባድ ስለሆነ ዝም ሲል ይዘቅጣል። ማሽኑ በየቀኑ መሥራት ይፈልጋል፤ ሥራ የለም ብላችሁ ሳምንት ብትተዉት ሄዱ (ቀለሙን የሚረጨው ክፍል) ሊደፈን ይችላል፣ ሄድ ደግሞ ከፕሪንተሩ ውዱ ዕቃ ነው። በእኛ አገር ደግሞ የመብራት መቆራረጥ አለ። ህትመቱ መሃል ላይ እያለ መብራት ሲሄድ ሄዱ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ ቀለሙም እዚያው ይደርቅበታል። ዲቲኤፍ ማሽን የምትገዙ ከሆነ ዩፒኤሱን (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን) አብራችሁ ግዙ እንጂ በኋላ እጨምራለሁ አትበሉ።

ለጀማሪ የምመክረው ሌላ ነው። ማሽኑን አትግዙ፣ ፊልሙን ግዙ። ማሽኑ ያላቸው ቤቶች በሜትር አትመው ይሸጣሉ። እናንተ ሂት ፕሬስ ብቻ ይኑራችሁ። ዲዛይኑን ስትልኩ ባዶ ቦታ አትተዉ፣ በትልልቆቹ መሃል ትንንሽ ሎጎ ጠቅጥቁበት፤ የምትከፍሉት ለሜትሩ ነው። በየቀኑ ሥራ ሲኖራችሁ ያኔ ማሽን ታስባላችሁ።

ሲልክ ስክሪን፣ ማለትም ፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት መሰል ጨርቅ ቀለም እየገፉ ማተም፣ የብዛት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ይዘጋጃል፣ ለ5 ቲሸርትም ለ500ም የዝግጅቱ ልፋት ያው ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ፍሬ ከሆነ አያዋጣም፣ አንድ ወይም ሁለት ቀለም ሆኖ መቶ ፍሬ ሲደርስ ግን በዋጋ የሚደርስበት የለም። ዲዛይኑን ፍሬሙ ላይ በፀሐይ ብርሃን ማውጣት ይቻላል፣ ውሃ ነክ ቀለም ከተጠቀማችሁ ህትመቱ ራሱ መብራት አይፈልግም። ፕላስቲሶል (በሙቀት ብቻ የሚበስል የፕላስቲክ ቀለም) ከሆነ ግን 160 ዲግሪ አካባቢ ካልበሰለ ይሰነጣጠቃል። እጅ እስኪፈታ ድረስ ጥቂት ቲሸርት ማበላሸት አይቀርም፣ አሮጌ ጨርቅ ላይ ተለማመዱ።

ቪኒል፣ ማለትም ተቆርጦ በሙቀት የሚለጠፍ ቀጭን ፕላስቲክ፣ ለማልያ ስምና ቁጥር ነው። ለዚያ ጥሩ ነው፤ የደቃቃ ዲዛይን ትርፍራፊ በመርፌ ስትለቅሙ ግን ቀኑ ይመሻል።

በየትኛውም ብትጀምሩ፣ ከሲልክ ስክሪን በስተቀር፣ ሂት ፕሬስ አይቀርላችሁም፤ እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ። 38 በ38 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለቲሸርት ይበቃል፣ 40 በ60 ለትልልቅ ምስል ነው። እንደ አፍ የሚከፈተው ቦታ አይፈጅም፣ ነገር ግን እጃችሁ ከጋለው ብረት ሥር ይገባል። ወደ ጎን የሚዞረው ሰፊ ቦታ ቢፈልግም ለእጅ ደህና ነው፣ ወፍራም ጨርቅም እኩል ይጫናል። ኮፍያ፣ ሳህን፣ ኩባያ ሁሉንም እሠራለሁ የሚለውን ባለ ብዙ ዕቃ ማሽን እኔ አልወደውም፤ ዕቃውን ስትቀያይሩ ትውላላችሁ። ለኩባያ ለብቻው ትንሿን ግዙ።

አሜሪካ ያለ ዘመድ ልላክላችሁ ካለ ቮልቴጁን አስነብቡት። የዚያ አገር ፕሬስ አብዛኛው 110 ወይም 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። እንዲሁ ብትሰኩት ይቃጠላል። ብዙ ጊዜ 1400 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ተራ ኤክስቴንሽንም አይችለውም፣ የራሱ መስመር አስዘርጉለት።

ሱቅ ውስጥ ሳትከፍሉ በፊት በአራቱም ጥግ ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ ፕሬሱን ዝጉት። ከዚያ አንድ በአንድ ሳቡ። አራቱም እኩል ከያዙ ጥሩ ነው። አንዱ ጥግ ላይ ወረቀቱ ሾልኮ ከወጣ ብረቱ ጠማማ ነው፣ ሌላ አምጡልኝ በሉ።