ማቆያ ቤት ወይስ አምቡላንስ?

ደሴ ዙሪያ ገጠር ላለች ነፍሰ ጡር የቱ ይሻላል? ምጥ ሲመጣ አምቡላንስ መጥራት ወይስ ቀድሞ ጤና ጣቢያው ማቆያ ቤት፣ ነፍሰ ጡሮች ምጥ እስኪመጣ የሚቆዩበት ቤት፣ መግባት?

አምቡላንሱ ከልጆቿ ለሳምንታት አይለያትም፤ ክፍያም የለውም። ግን ነሐሴ ላይ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። ኔትወርክም ይጠፋል። ያኔ ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ቁልቁለቱን ይወርዳል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ማቆያው ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድማ ትገባለች። አዋላጇ ቅርብ ናት፤ ደም ግፊቷን ትለካለች። ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል። ችግሩ ቤት የቀሩት ልጆችና ከብቶች ናቸው። አማት ወይ እህት ከያዘችላት እኔ ያለማመንታት ማቆያውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ወሊዱ የመጀመሪያዋ ለሆነ ለጋ ሴት። ምጡ ከቀደመ ግን ቶሎ ደውሉ፤ የአምቡላንሱን ስልክ ከወዲሁ ያዙ።