ካርቡሬተር ታጥቦ ሞተሩ ሲግል፦ ጄት መቀየር ወይስ የካርቡሬተሩን ማያያዣ ጎማ መፈተሽ?

ካርቡሬተሩ ታጥቦ ከተገጠመ በኋላ ሞተር ሳይክሉ ከልክ በላይ ከጋለ መጀመሪያ ካንዴላውን (ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈታችሁ እዩት። ጫፉ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል ወይም አየር በዝቶበታል ማለት ነው። ብዙ ሰው ሮጦ ትልቅ ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበት፣ ቀዳዳው ሰፋ ያለ ትንሽ ዕቃ) ይገዛል። እኔ አልመክርም፤ ከመታጠቡ በፊት በዚያው ጄት ጥሩ ሲሠራ የነበረ ሞተር ዛሬ ምን ተገኝቶ ትልቅ ይፈልጋል? ቆሻሻ ቀርቶበት ከሆነም ማጽዳት ይበቃል።

ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ጎማ መፈተሽ ግን ወጪ የለውም። ሞተሩን በሚኒሞ (ጋዝ ሳትሰጡ) አስነሱና በጎማው ዙሪያ ትንሽ ውኃ ርጩ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር የሚገባው በዚያ ነው (ቤንዚን እንዳትረጩ፣ እሳት ያስነሳል!)። ትልቅ ጄት የሚያዋጣው ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ወይም አየር ማጣሪያው ተቀይሮ ከሆነ ነው፤ ያኔም ቢሆን የተሰነጠቀ ጎማ ካለ እሱ ይቅደም።