ሁለት ወጥ ቤት፣ አንድ ጠረጴዛ፦ ደሴ ላይ ስለምበላበት ቤት

ከጥብሱ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ስብ ጣል ጣል ያለበት፤ ቃሪያው ሳይጠወልግ ይወጣል፤ አዋዜው ለብቻው በስኒ ይመጣል። ብረት ምጣዱ እየተንጨረጨረ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ወሬ ይቋረጣል። ለዚህ ጥብስ ስል ከኮምቦልቻ ተነስቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ እየወጣሁ ደሴ ስመላለስ ይኸው ሁለት ዓመቴ።

ቤቱ ከፒያሳ ብዙ አይርቅም። ሰሌዳ የለውም፤ እኔም ስሙን አልጽፍም፣ ወቀሳ ስላለኝ። ምልክቱ ግቢው ነው፦ በቀኝ የክርስቲያን ወጥ ቤት፣ በግራ የሙስሊም ወጥ ቤት፣ መሃል ላይ ጠረጴዛዎች። ባለቤቶቹ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። ስለ ወሎ አብሮ መኖር የሚባለውን እዚህ አልደግምም፤ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። ስድስት ሆነን ስንቀመጥ ሦስታችን ከቀኝ፣ ሦስታችን ከግራ እናዛለን። ትሪው ለየብቻ ቢሆንም የሁሉም ሳይቀርብ ማንም አይቆርስም። እና ረሃባችሁ የሚለካው የመጨረሻው ሳህን በወጣበት ደቂቃ ነው።

የማስተምረው አልጎሪዝም ነው፣ ኮምፒውተር ችግር የሚፈታበትን ስልት፤ ይህን ግቢ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስየዋለሁ። ሁለት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ሥራ ፈጻሚ፣ አለ፦ ሁለቱ ወጥ ቤቶች። በቅደም ተከተል የታሰሩ ሥራዎች አሉ፤ ቁሌቱ ሳይበስል ወጥ የለም። አንዱ ወጥ ቤት የሠራውን ሌላው ከፈለገ ደግሞ ግቢውን ማቋረጫ ጊዜ ይጨመራል፤ ሁለቱም ሥራ እዚያው ከተሠራ ይህ ጊዜ ዜሮ ነው። በፍስክ ቀን ሥጋው ወጥ ቤቱን መርጦ ስለሚመጣ ብዙ የሚያሟግት ነገር የለም። ረቡዕና ዓርብ ግን ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም የትም ሊሠራ ይችላል፤ ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት በክረምት፣ ረቡዕ ቀን ነበር። 47 ደቂቃ ጠበቅን። ቁሌት የሚሠራው በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። የግራው ምድጃ ፍሙ ቀልቶ፣ ወጥ ሠሪዋ እጇን አጣጥፋ፣ ቁሌት በጎድጓዳ ሳህን የሚያመላልሰውን ልጅ ትጠብቃለች። ልጁ ደግሞ አይሮጥም፤ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ግቢው ጭቃ ሲሆን ማን ይሮጣል?

ተናድጄ ነበር፤ በኋላ ግን የራሴን ትምህርት አስታውሼ አፈርኩ። ተመራማሪው ሬይዋርድ-ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ሥራዎቹ ሁሉ እኩል አንድ የጊዜ አሃድ ቢፈጁ፣ መንገዱም (ግቢውን ማቋረጫው) አንድ አሃድ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ቁጥራቸው በተገደበ ፕሮሰሰሮች ላይ ምርጡን የሥራ ድልድል መፈለግ ኤንፒ-ከባድ ነው፤ ማለትም ሁልጊዜ የሚሠራ ፈጣን ዘዴ አልተገኘለትም፣ ይኖራል ብለው የሚያምኑም ጥቂት ናቸው። እጅ ያልያዘ ምድጃ ሳይተው የደረሰውን ሥራ ሁሉ የሚያስጀምረው ስግብግብ ዘዴ ግን በሁለት ፕሮሰሰር ከምርጡ ሁለት እጥፍ አያልፍም። የእኔ 47 ደቂቃ እዚያ ውስጥ መግባቱን እጠራጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆግቬን፣ ሌንስትራና ቬልትማን ያወጡት ደግሞ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ያስቃቸዋል፦ ወጥ ቤት እንደ ልብ ቢኖራችሁ፣ «ሁሉም በ5 አሃድ ያልቃል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ፈጣን ዘዴ አለ፤ «በ6ስ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ኤንፒ-ኮምፕሊት ይሆናል፣ ያው ፈጣን ዘዴ ያልተገኘለት ዓይነት። የወጥ ቤቱ ቁጥር ሲገደብ ድንበሩ በ3 እና በ4 መካከል ይወድቃል። ታዲያ ከዚያች ወጥ ሠሪ ምን እጠብቃለሁ?

ባለፈው ዓመት ሦስተኛ ምድጃ ጨመሩ። ባሰበት! ትንንሾቹ ትእዛዞች ቶሎ ቶሎ ምድጃውን ያዙና የጎድን ጥብሱ መጨረሻ ላይ ተጣደ፤ ጠረጴዛው በሙሉ እሱን ጠበቀ። የሒሳብ ሊቁ ግራሃም ገና እ.ኤ.አ. በ1966 ጽፎታል፤ ፕሮሰሰር መጨመር ሥራውን የሚያስረዝምበት ጊዜ አለ። ተማሪዎቼ ሲሰሙት አያምኑም። እኔ በልቼ አምኛለሁ።

አንድ ቀን ደፍሬ ትልቋን ባለቤት፣

«እትዬ፣ ቁሌቱን ሁለቱም ጋ ለምን አይሠሩትም?» አልኳቸው።

«ሽንኩርት ተወዷል ልጄ» ብለው ዝም አሰኙኝ።

ልክ ናቸው፤ ሥራን መድገም ዋጋ አለው። ነገር ግን መንገዱን የሚያስቀረው እሱ ነው። ፓፓዲሚትሪዩና ያናካኪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 መድገም ከተፈቀደና ፕሮሰሰሩ ገደብ ከሌለው፣ መንገዱ የቱንም ያህል ቢረዝም ከምርጡ ሁለት እጥፍ የማያልፍ ድልድል በፍጥነት እንደሚገኝ አሳይተዋል። ይህን ለእትዬ አልነገርኩም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ስመጣ ሽንኩርት በሁለቱም በኩል እየተቁላላ ነው። ደስ ብሎኝ ዞር ስል አዩኝና ሳቁ።

«ያንተ ምክር እንዳይመስልህ፤ ልጁ ትምህርት ገባ።»

አሁን የጾሙ ትእዛዝ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፣ ስድስት ሆናችሁ ብትሄዱም። የግራው ቁሌት በርበሬው ትንሽ ይበዛል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ሽሮው ደህና ነው፣ ጎመኑ ተራ ነው፣ እንጀራው የጠዋት ከሆነ ግሩም፤ ከሰዓት በኋላ የሚያገኛችሁ የደረቀ ነው። ዋጋው ከአካባቢው አይለይም። የእጅ መታጠቢያው ግን ያሳፍራል፤ አንድ ቧንቧ፣ እሱም የምትንጠባጠብ፣ ሳሙናውን ደግሞ ጠይቃችሁ ነው የምታገኙት። ከ5 አንዱን የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ግማሽ ነጥብ ደግሞ ለቡናው ቀንሻለሁ። ቡናው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ለግቢው ሁሉ ያለችው አንዲት ጀበና ናት፣ የምትፈላውም በቀኝ ወጥ ቤት ደጃፍ ነው። በግራ በኩል ከተቀመጣችሁ አቦሉ ከደረሳችሁ እድለኞች ናችሁ። እትዬን ሁለተኛ ጀበና እንዲገዙ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር፤ ለጊዜው በቀኝ በኩል መቀመጥ ጀምሬያለሁ።